ከመንገድና ከህንጻ ተነስታችሁ አብስትራክት ስትስሉ ምኑን ጥላችሁ ምኑን ነው ምትይዙት?

ጥግ ላይ የቆመች፦

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ምትጽፉትን ሳነብ ቆይቻለሁ፣ ዛሬ ግን ራሴ መጠየቅ ፈለግኩ ምክንያቱም አንድ ሸራ ላይ ከሁለት ወር በላይ ተቸክያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ምስለው ከተማ ነው። መንገድ ላይ ስሄድ የሆነ ግድግዳ ወይ ደረጃ ወይ የሁለት ጣራ መገናኛ ያስቆመኛል፣ ቆሜ አያለሁ፣ ቤት ገብቼ እስለዋለሁ። እስካሁን ያየሁትን እንዳለ ነበር ምስለው አሁን ግን አብስትራክት ነው መስራት ምፈልገው፣ ማለቴ ህንጻውን ሳይሆን ያስቆመኝን ነገር ራሱን። እሱ ነው እምቢ ያለኝ።

አሁን ያስቸገረኝ ይሄ ነው፦ ሁለት ረጃጅም ህንጻዎች አሉ፣ ሊነካኩ ትንሽ ነው የቀራቸው፣ መሀላቸው ላይ ቀጭን ሰማይ አለ። ከስር ሆነሽ ቀና ስትይ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል፣ ሦስት የመብራት ሽቦ በአግድም ያቋርጠዋል። ወደ 10 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የግራው ህንጻ ጠርዝ ብርቱካናማ ይሆናል የቀኙ ደግሞ በጥላ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል፣ ያቺ ቀጭን ሰማይ መሀል ላይ ተጨንቃ የቆመች ነው ምትመስለው። በቃ ያንን ነው የፈለግኩት።

መጀመሪያ ፎቶ አነሳሁና 80 በ100 ሴንቲ ሸራ ላይ በአክሪሊክ (በውሃ ሚቀጥን ቶሎ ሚደርቅ ቀለም) ጀመርኩት። መስኮቶቹን አጠፋሁ፣ በረንዳዎቹን አጠፋሁ፣ ያየው ሰው ሁሉ ግን "ይሄ የቱ ህንጻ ነው?" ነው ሚለኝ። መስኮት የሌለው ህንጻ ሆነ ማለት ነው። ከዛ በላዩ ቀባሁበትና ሁሉንም ወደ አራት ማዕዘን ቀየርኩት ጠርዙን በማስኪንግ ቴፕ (ቀለም ጠርዙን እንዳያልፍ ሚለጠፍ ቴፕ) እያስያዝኩ። አሁን ደሞ ሰው "ያምራል" ይለኛል፣ ግን የመጋረጃ ጨርቅ ላይ ቢታተምም ያው ነው፣ ያቺ የተጨነቀች ሰማይ የለችበትም።

ስለዚ ጥያቄዬ፣ ምኑን መጣል ምኑን መያዝ እንዳለባችሁ በምን ታውቃላችሁ? ከፎቶ ነው ምትነሱት ወይስ ካስታወሳችሁት? ቴፑስ ላይ ምን ትላላችሁ፣ መስመሩ ቀጥ ሲል ስዕሉ ሚሞትብኝ ለምንድነው?

ሸራ ወጣሪ፦

እህቴ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል እኮ። "ተጨንቃ የቆመች" አልሽ። ሁለቱም ሙከራሽ ላይ ግን የጀመርሽው ከህንጻዎቹ ነው፣ ሰማይዋ የተረፈች ቦታ ሆና ነው የመጣችው። አንዴ ህንጻውን አቀለልሽ፣ አንዴ ህንጻውን አራት ማዕዘን አደረግሽ፣ ሁለቱም ጊዜ ስለ ህንጻ ነው ምታወሪው። አብስትራክት ማለት ዝርዝር መቀነስ አይመስለኝም። ካየሽው ውስጥ አንድ ግንኙነት ትመርጫለሽ (ያንቺ መጫን ነው፣ ሁለት ትልቅ ነገር አንድ ትንሽ ነገርን ሲጫን) ከዛ ስዕሉ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ለሱ ይሰራል። መስኮቱ ለመጫን ሚረዳ ከሆነ ይቆያል፣ ካልረዳ ይሄዳል። መለኪያው እሱ ነው ለኔ።

ሆላንዳዊውን ሰዓሊ ሞንድሪያንን በደንብ እዪው፣ ብዙ ሰው ከመጀመሪያውኑ ቀይ ሰማያዊ ቢጫ ካሬ ሲስል የነበረ ነው ሚመስለው፣ እሱ ግን ከመንገድ ነው የመጣው። ፓሪስ እያለ እ.ኤ.አ. 1914 ላይ የሰራቸው ስዕሎች አሉ፣ የፈረሱ ቤቶችን እያየ ስኬች (ፈጣን ንድፍ) አድርጎ የሰራቸው። አንድ ህንጻ ሲፈርስ ጎረቤቱ ላይ የቀረው ግድግዳ ይጋለጣል አይደል፣ የክፍሎቹ ቀለም እላዩ ላይ እንደተለጠፈ ይቀራል፣ አንዱ ሮዝ አንዱ ሰማያዊ፣ ወለሉ የነበረበት ቦታ መስመር ሆኖ ይታያል። እሱን ነው የወሰደው። አንደኛው ስዕል ውስጥ እንደውም ግድግዳ ላይ ከነበረ ማስታወቂያ የመጡ ሦስት የላቲን ፊደላት ቀርተውበታል። ያንን ሳላውቅ በፊት ስዕሉን የኦቫል ቅርጽ ያለው ጨዋታ አድርጌ ነበር ማየው፣ ካወቅኩ በኋላ ግን የሰው ቤት ውስጡ ተገልጦ ነው ሚታየኝ።

ከዛ እ.ኤ.አ. 1940 ኒውዮርክ ገባ፣ እድሜው ወደ 70 እየተጠጋ ነበር፣ በ1942 እና 43 ብሮድዌይ ቡጊ ዉጊ ሚባለውን ስዕል ሰራ። 127 በ127 ሴንቲ ነው፣ በጣም ትልቅ አይደለም። ለብዙ ዓመት ሲጠቀምበት የነበረውን ጥቁር መስመር ተወው፣ መስመሩ ቢጫ ሆነና በትናንሽ ቀይና ሰማያዊና ግራጫ ካሬዎች ተቆራረጠ። እዛ ስዕል ላይ አንድም ህንጻ የለም፣ ዓይንሽ ግን መብራት ላይ እንዳለ መኪና ይሄዳል ይቆማል ይሄዳል። የከተማውን ምት ነው የወሰደው፣ መልኩን ተወው። ካንቺ መንገድ ሚወሰደው ደግሞ መጫኑ ነው።

አሁን ምታደርጊው ይሄ ነው፣ ሸራውን ዞር አድርገሽ ግድግዳ ላይ ደግፊው። ትንንሽ ወረቀት ቁረጪ፣ የካርታ መጫወቻ ታክላለች እያንዳንዷ። 20 ስኬች ስሪ፣ በሦስት ቶን ብቻ፣ ነጭ፣ መሀል ግራጫና ጥቁር። እርሳስ ሳይሆን ወፍራም ነገር ያዢ፣ ከሰል ወይ ማርከር፣ ዝርዝር እንዳትሰሪ ነው። ደሞ ከሰማይዋ ጀምሪ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስቱ ህንጻ ነው ሚሆኑት አይክፋሽ፣ እሱ እስኪወጣልሽ ነው።

ፎቶውን በተመለከተ፣ ቦታው ድረስ ሄደሽ ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ እዪው ነው ምልሽ። ካሜራ ሁሉንም እኩል ነው ሚያየው፣ አንቺን ያስቆመሽን ነገር ካሜራው አያውቀውም።

የግድግዳ ቅርፊት፦

ሸራ ወጣሪ ባለው ግማሹ እስማማለሁ ግን ሁሌ ስለ መስመርና ስለ ቅርጽ ብቻ ነው ሚወራው እኔ እዛ ጋ ነው ማልስማማው። ከተማ ቆዳ አለው እኮ። አንድ ግድግዳ ጋ በየቀኑ ታክሲ ምጠብቅበት አለ፣ አንድ ቀን ቀለሙ ተልጦ ወደቀና ስቆጥረው አምስት ድርብ ነው፣ ላዩ ክሬም፣ ከስሩ አረንጓዴ፣ ከሱ ስር የደበዘዘ ሮዝ፣ ከዛ ነጭ፣ ከዛ ሰማያዊ የመሰለ ከዛ ሲሚንቶው። አምስት ጊዜ ሰው መጥቶ ቀብቶታል ማለት ነው፣ ያ ሁሉ ጊዜ እዛች አንድ መዳፍ ምታክል ቦታ ላይ አለ። እሱን በቴፕና በጠፍጣፋ ቀለም እንዴት አድርገሽ ታመጪዋለሽ? አይመጣም። ለዛ ነው መስመርሽ ቀጥ ሲል ሚሞተው፣ ችግሩ ቀጥ ማለቱ አይደለም፣ ከስሩ ምንም ስለሌለ ነው።

ማርክ ብራድፎርድ ሚባለውን ሰዓሊ ፈልጊና እዪ። ሎስ አንጀለስ ነው ሚሰራው፣ መንገድ ላይ ሚለጠፉ ማስታወቂያዎችን እየሰበሰበ ሸራ ላይ ድርብ በድርብ ይለጥፋል፣ ከዛ በኤሌክትሪክ መፈግፈጊያ ይፈገፍገዋል፣ ከስር ያለው እየወጣ ይመጣል። ከሩቅ ስታዪው ከላይ የታየ ከተማ ይመስላል፣ ሰፈርና መንገዱ ያለበት ካርታ፣ ቀርበሽ ስታዪው ደግሞ የተቀደደ ወረቀት ነው። ከተማውን ሳይሆን ከተማው የተሰራበትን ነገር ነው የተጠቀመው። ስፔናዊው ሰዓሊ አንቶኒ ታፒየስም እንደዛ ነው፣ ቀለሙ ውስጥ አሸዋና የእብነ በረድ ዱቄት እየጨመረ ስዕሉን ግድግዳ ያደርገው ነበር፣ ይጭረው ይቦረቡረው ነበር። ስሙ ራሱ በካታላን ቋንቋ ግድግዳ ማለት ነው፣ እሱም ይሄንን ያነሳው ነበር።

ሰዓሊዋን ጁሊ ምህረቱን ደግሞ ሳታውቂያት አትቀሪም፣ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው። የሷ ደሞ ሌላ ዓይነት ድርብ ነው። የህንጻ ፕላን፣ ፊት ለፊት እይታ፣ የአደባባይ ንድፍ በቀጭን መስመር ታስገባለች፣ በላዩ ብርሃን ሚያሳልፍ አክሪሊክ ታፈሳለች፣ ይደርቃል ይለሰልሳል፣ እንደገና ትስልበታለች። በመጨረሻ ህንጻዎቹ እንደ ጉም ከስር ይታያሉ ከላይ ደግሞ እጇ ያመጣው ጭረትና ጭስ የመሰለ ጥቁር አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የሰራችው ሞጋማ ሚባለው አራት ሸራ ነው፣ እያንዳንዱ ቁመቱ ከ4 ሜትር ተኩል በላይ፣ ስሙን ያገኘው ካይሮ ታህሪር አደባባይ ካለው፣ የመንግስት መስሪያ ቤት ከነበረው ትልቅ ህንጻ ነው። ህንጻውን ልታሳይሽ አይደለም የሰራችው፣ አደባባይ ላይ ሰው ሲሞላና ነገር ሲቀየር ህንጻ ምን እንደሚሆን ነው።

ስለዚ ያንን ሸራ ልቀይር እንዳትዪ። ሁለት ጊዜ የቀባሽው ሸራ ነው፣ ድርብ አለው፣ ከስር የመጀመሪያው ስዕል ቁጭ ብሏል። ብርጭቆ ወረቀት ውሰጂ፣ ሻካራውን ሳይሆን መካከለኛውን፣ አንድ ጥግ ላይ በውሃ አርጥበሽ ቀስ ብለሽ ፈግፍጊው (ደረቁን ከፈገፈግሽ አቧራው ሳንባ ይጎዳል፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ)። ምን እንደሚወጣ አይተሽ ንገሪን።

ፕላን አንባቢ፦

እኔ ስዕል ዘግይቼ ነው የጀመርኩት፣ ከ30 ዓመት በላይ የህንጻ ፕላን ስሰራ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ካንድ አቅጣጫ ብቻ ልጨምር።

ልጄ፣ ሰዎች "የቱ ህንጻ ነው" ሚሉሽ በመስኮቱ ምክንያት አይደለም። በፐርስፔክቲቩ ነው። ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ክፍተት ስትስዪ የተመልካቹን መቆሚያ ነግረሽዋል፣ "እታች ቆመህ ቀና ብለሃል" ብለሽዋል። አንድ ሰው የቆመበትን ቦታ ካወቀ ቀጥሎ ሚጠይቀው ምን እያየሁ ነው ብሎ ነው። ሁሉንም አጥፍተሽ ሁለት ዘመም ያሉ መስመሮች ብቻ ብትተዪ እንኳን ህንጻ ነው ሚያየው።

እኛ ስንሰራ አንድን ህንጻ በሦስት ዓይነት ነው ምናሳየው፣ ከላይ ፕላን፣ ከፊት ኤሌቬሽን፣ ለሁለት ተቆርጦ ሴክሽን። ሦስቱም እውነት ናቸው ግን ሰው ቆሞ እንደዛ አያያቸውም። ሰዓሊ ሦስቱን አንድ ሸራ ላይ ሲያገናኛቸው ቦታው ይጠፋል፣ ስሜቱ ግን አይጠፋም። ማሪያ ሄሌና ቪዬራ ዳ ሲልቫ ሚሏት ሰዓሊ አለች፣ ሊዝበን ተወልዳ ፓሪስ የኖረች፣ ስዕሎቿ ውስጥ መስመሮቹ ወደ ውስጥ ይጎትቱሻል እንደ ጎዳና፣ ግን መዳረሻቸው አንድ አይደለም፣ አንዱን ስትከተዪ ሌላው ይቀበልሽና ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስድሻል፣ በትናንሽ ሸክላ መሰል ካሬዎች ተሞልቶ። ከተማ ውስጥ መጥፋት ምን እንደሚመስል ከሷ የተሻለ ያሳየኝ የለም፣ አንዱ ስዕሏ ፊት ወንበር ስቤ ሳልነቃነቅ ብዙ ሰዓት ተቀምጫለሁ።

ሌላው አሜሪካዊው ሰዓሊ ሪቻርድ ዲበንኮርን ነው። ኦሽን ፓርክ የሚባለውን ተከታታይ ስራ እ.ኤ.አ. 1967 ጀምሮ ሃያ ዓመት ገደማ ሰርቶበታል፣ ስሙ ስቱዲዮው የነበረበት ሰፈር ስም ነው። ረዣዥም ሸራዎች ናቸው፣ መስመር ያሰምርና ይሰርዘዋል፣ አጠገቡ ሌላ ያሰምራል፣ የሰረዘው ግን በቀለሙ ስር እየታየ ይቀራል። ፕላን ስንሰራ በላጲስ ያጠፋነው መስመር ወረቀቱ ላይ ጠባሳው እንደሚቀረው። ስለ ቴፕ ለጠየቅሽው መልሴ እሱ ነው፣ ቴፕ መጠቀም ኃጢያት አይደለም ግን ቴፕ እጅሽ ያመነታበትን አያሳይም። መስመሩን መጀመሪያ በእጅሽ አስምሪው፣ ሲሳሳት ተይው፣ በጣም ሹል መሆን ያለበትን አንድ ወይም ሁለት ጠርዝ ብቻ በቴፕ ስሪ። ሁሉም ጠርዝ እኩል ሹል ከሆነ ዓይን ማረፊያ አያገኝም።

ሸራውንም ገልብጠሽ እዪው፣ የላዩን ወደ ታች። በነገራችን ላይ የሞንድሪያን ኒውዮርክ ሲቲ 1 የሚባለው፣ በባለቀለም ቴፕ የሰራው ማለት ነው፣ ለብዙ አስርት ዓመታት ተገልብጦ ሲሰቀል እንደኖረ ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፣ ጀርመን ዱሰልዶርፍ ያለ ሙዚየም ውስጥ። መስመሮቹ ወደ አንድ ጠርዝ ይጠጋጋሉ፣ እንደ ሰማይ ከላይ መሆን የነበረበት ታች ሆኖ ኖረ። ቴፑ አርጅቶ ስለላላ መልሶ መገልበጡ ራሱ ያሰጋል ብለው እንዳለ ተዉት። እኔ ከዚህ የወሰድኩት፣ የክብደት አቅጣጫ ሲቀየር ስዕሉ ሌላ ስዕል ነው ሚሆነው፣ ስለዚህ ያንቺ መጫን ከጎን ብቻ መምጣት አለበት ያለው ማን ነው? ከላይ ቢመጣስ?

ጥግ ላይ የቆመች፦

በጣም ነው ማመሰግነው ሁላችሁንም፣ ሦስት ቀን ነው ከስራ መልስ ስሞክር የነበረው ስለዚ ዘገየሁ።

20ውን ስኬች ጨረስኩ። እውነትም የመጀመሪያዎቹ ህንጻ ናቸው፣ እስከ 8ኛው ድረስ። 9ኛው ላይ ወረቀቷን በሙሉ በከሰል አጠቆርኩና ሰማይዋን በላጲስ እየጠረግኩ አወጣኋት፣ እዛ ላይ ነገሩ ተቀየረ፣ ምክንያቱም ሰማይዋን እኔ ነኝ ከጥቁሩ ውስጥ ቦታ ያስለቀቅኩላት። ከዛ በኋላ ያሉትን ሁሉ እንደዛ ነው የሰራሁት። 14ኛው ላይ ጋሼ ፕላን አንባቢ ያሉኝን አስቤ ዘመም ያለውን ነገር ተውኩትና ሰማይዋን ቀጥ ያለች አደረግኳት፣ ግን ግራና ቀኙ እኩል አይደለም፣ የግራው ሰፊና ቀላል ግራጫ ነው የቀኙ ጠባብና ጥቁር። ጠባቡ ነው በጣም ሚጫነው፣ ይሄ አስገርሞኛል። 14ኛዋን ለጓደኛዬ ሳሳያት ህንጻ አላለችም፣ "ትንፋሽ ያሳጥራል" ነው ያለችው።

ሸራውንም በውሃ ፈገፈግኩት፣ የታችኛው ቀኝ ጥግ። ከካሬዎቹ ስር የድሮው ብርቱካናማ ጠርዝ ቁርጥራጭ ሆኖ ወጣ፣ መንገድ ላይ ያየሁትን ብርቱካናማ ይበልጥ ይመስላል።

አሁን ሚቀረኝ ቀለሙ ነው። ግራጫዎቼ ሁሉ ጭቃ ይመስላሉ፣ ጥቁርና ነጭ ደባልቄ ነው ምሰራቸው።

ሁለት ቡሩሽ፦

ቀለም ላይ ልግባ አጭር ነው። ጥቁሩን ለጊዜው ከፓሌትሽ ላይ አውጪው። አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ) ደባልቂ፣ ነጭ ጨምሪበት። ሰማያዊው ከበዛ የጥላ ሲሚንቶ ይሆናል፣ ቡናማው ከበዛ ፀሐይ ያገኘው ሲሚንቶ ይሆናል፣ ሁለቱም ግራጫ ናቸው ግን ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ ይሞቃል አንዱ ይቀዘቅዛል። መንገድ ላይ ያለ ግራጫ ሁሉ እንደዛ ነው፣ አስፋልትም ቆርቆሮም ብሎኬትም፣ ወደ አንዱ ቀለም ሳያደላ ሚቀር ግራጫ ውጪ ላይ አይቼ አላውቅም። የግራሽን ሞቅ ያለ የቀኝሽን ቀዝቀዝ ያለ አድርጊው፣ ያየሽው ብርሃን ፀሐይ ሳትስዪ ይመጣል።

ብርቱካናማው ደግሞ ትንሽ ይሁን። በጣም ትንሽ። ሸራው በሙሉ ዝም ያለ ከሆነ አንድ ጣት ምታክል ብርቱካናማ ከየትኛውም ቦታ ትሰማለች፣ ከጨመርሽባት ግን ድምጿ ይቀንሳል። እና ወደ ቦታው ስትሄዪ ቀለም ይዘሽ ሂጂ፣ ትንሽ ካርቶን ላይ እዛው ደባልቀሽ ግድግዳው ጎን አስጠግተሽ አወዳድሪ፣ ምን ያህል ከገመትሽው እንደሚለይ ታያለሽ።

ጥግ ላይ የቆመች፦

እሺ ሄድኩ፣ ካርቶን ይዤ። ሰማይዋ ሰማያዊ አይደለችም እኮ! በዛ ሰዓት ወደ ቢጫ ያደላች ነጭ ናት፣ ሰማያዊ ናት ብዬ ያሰብኩት ጥላው አጠገቧ ስላለ ነው። ሁለት ወር ሙሉ በተሳሳተ ቀለም ነው የሰራሁት፣ ፎቶው ላይም ሰማያዊ ነው ሚመስለው።

ትናንት ሸራውን እንደ 14ኛዋ ስኬች አድርጌ ሰራሁት። መጀመሪያ ሰማይዋን፣ ከዛ ሁለቱን ግራጫዎች ወደሷ እየገፋሁ በስፓቹላ። የቀኙን ጠርዝ ብቻ በቴፕ፣ የግራውን በእጄ፣ ሁለት ቦታ ላይ ግራጫው አልፎ ሰማይዋን ነክቷታል አላስተካከልኩትም። ካሬዎቹ ሙሉ በሙሉ አልጠፉም፣ ከግራው ግራጫ ስር ጠርዛቸው ትንሽ ትንሽ ይታያል።

አንድ ነገር ብቻ፣ ሽቦዎቹ። ሦስቱንም በቀጭን ብሩሽ አስገባኋቸውና ወዲያው መንገድ ሆነ፣ አጠፋኋቸው። ካለነሱ ደግሞ ሰማይዋ ዝም ብላ ወደ ላይ ታመልጣለች፣ ሚይዛት የለም። ምን ላድርግ?

የግድግዳ ቅርፊት፦

አትሳያቸው፣ ፋቂያቸው። ሽቦ ሚያልፍበት ቦታ ላይ አዲስ ቀለም ቀቢ፣ አክሪሊክ ቶሎ ስለሚደርቅ ማዘግያ ጨምሪበት ወይ ፈጠን በይ፣ እርጥብ እያለ በብሩሽሽ እጀታ ጫፍ አንዴ ጎትቺ። ደግመሽ አትነካኪው። ሽቦው ከላይ የተጨመረ ነገር ሳይሆን ከስር የወጣ ነገር ይሆናል።

ፕላን አንባቢ፦

ሦስት አያስፈልግም ልጄ። ሦስት ሽቦ የመብራት መስመር ነው፣ አንድ ከሆነ ግን ማሰሪያ ነው። ከመሀል ትንሽ ዝቅ አድርጊው።

ጥግ ላይ የቆመች፦

አሁን ነው የፋቅኩት፣ እጄ ላይ ቀለሙ አልደረቀም። አንድ ብቻ፣ ከመሀል ዝቅ ብሎ፣ ከግራው ግራጫ ተነስቶ ሰማይዋን አቋርጦ ቀኙ ጋ ሳይደርስ ያልቃል፣ ቀለሙ እዛ ጋ ደርቆብኝ ነው እዛው ተውኩት። የግራው ጠርዝ ላይ ሲያልፍ የመጀመሪያውን ስዕል ድረስ ፍቆታል መሰለኝ፣ ጭረቱ ውስጥ ብርቱካናማ አለ። እኔ ያላስገባሁት ማለት ነው፣ ከሁለት ወር በፊት የቀባሁት። ፎቶ ሳነሳው አይታይም፣ ቀርቦ ላየው ሰው ግን አለ።